የግራው ጉልበት የማን ነው

ለእህቴ ለራትሪ፤

እህት ዓለም፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? የምታስታምሚያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው፣ አሁንም ምግብ ሲቀርብላቸው አፋቸውን ይዘጋሉ? የታይዋን ብርድ በረታብሽ ወይ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ ከአንድ ጉልበት በቀር።

አትደንግጪ። የአያታችን ቀኝ ጉልበት ነው። በስልክ «ምንም አልሆንኩም» የምትልሽ ውሸቷን ነው፤ ረመዳን ሳይገባ ጀምሮ እንደ ፓፓያ አብጧል። እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ የማለው ግን አፌ እንጂ እጄ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት በሞተር አፈናጥጬ ክሊኒክ ወሰድኳት። ታናሽ እህቷ እማማ ፓይነምም «እኔስ ጉልበት የለኝም ወይ?» ብለው በሌላ ሞተር ተከተሉን። ዶክተሯ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን እጀታ አሳረፈችበት። ስክሪኑ ላይ፣ ከጉልበቷ ሎሚ ከፍ ብሎ ጥቁር ነገር ተኝቷል፤ ጫን ስትለው ሸሸት ይላል። «ጥቁሩ ውሃ ነው፤ ቁርጥማቱ ነው ያጠራቀመው» አለች። አያታችን ኮራ ብላ «ሩዝ ስተክል ስንት ዘመን ጭቃ ውስጥ ቆሜ የጠጣው ነዋ» አለች።

እማማ ፓይነም ወዲያው ቀሚሳቸውን ሰብስበው አልጋው ላይ ወጡ። የእሳቸው ሲታይ ጥቁር የሚባል የለም። ዶክተሯ «ሕመሙ አለ፣ ውሃው ግን የለም» ብትላቸው «አብሬያት አይደል እንዴ የተከልኩት? የኔን ማን ጠጣው?» ብለው አኮረፉ። አያታችን «አንቺማ ድሮም ዳር ዳሩን ነበር የምትተክዪው» አለቻቸው። እስካሁን አልታረቁም።

በእሳቸው ቅናት ስስቅ የራሴ መጣ። አያታችን ግራ እግሯን ዘርግታ «ይኼን ደህና አድርገሽ እዪልኝ፤ የራትሪ ነው። ለኢድ ስትመጣ ግንባሯን የምታሳርፈው እዚህ ነው፤ ማንም እንዳይነካው ብዬ አስቀምጬዋለሁ» አትላት መሰለሽ? ዶክተሯ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የማመላልሳት እኔ፣ የማሻት እኔ፣ ደግፌ የማስነሳት እኔ። ታዲያ በኢድ ጠዋት የትኛውን ጉልበት ስሜ ነው ይቅርታ የምለምነው? ያበጠው አይነካም፣ ደህናው ያንቺ ነው። ባሕር ተሻግረሽ የሰው አያት ስትጦሪ እንኳ እዚህ ጉልበት ተቀምጦልሻል። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ምን ይመጣብኛል ብዬ እደብቃለሁ?

ትናንት ውሃውን በመርፌ ሊመጥጡላት ተመለስን። ዶክተሯ ስክሪኑን እያየች መርፌውን ስታስገባ አያታችን ዓይኗን ጨፈነች፤ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችና «ራትሪ» አለች። የራሴን ስም ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። «አቤት» አልኳት። መርፌው እስኪወጣ አልለቀቀችኝም።

እናታችን ትስምሻለች። አባባ በደንብ ብዪ ይልሻል፤ እሱ ሌላ ምክር የለውም። እማማ ፓይነም «የእኔ ሁለቱም ደረቅ ናቸው፣ የፈለገ ይሳማቸው» ብለዋል። አያታችን እንደምታውቂው ምንም አልሆነችም። አሮጊቷን ሰላም በዪልኝ።

ለኢድ ነይ፣ በር በሩን እያየች ነው። ነገር ግን በስምሽ አቤት ብያለሁና የግራው ጉልበት እኩሌታ የእኔ ነው፤ ጠጋ ብለሽ ተንበርከኪ።

እህትሽ ኒንግሩም
ዎኖጊሪ፣ ጃቫ
ረመዳን 17