በጌታቸው ሰዓት የሞላሁት ሰርቨር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ማታ፣ ቤት።

እራት ሳልበላ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ሠራተኛው ከቢሮ ከወጣ በኋላ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሦስቱም ሰርቨሮች ተነሱ። ዋናው ግን ሰዓቱን ረስቷል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ሌሎቹ ሰዓት የሚጠይቁት እሱን ነው። እሱ ደግሞ በኢንተርኔት ከውጭ ይጠይቃል። ኢንተርኔት የለም፤ መንገድ ቆፋሪዎቹ ኢምፔሪያል ጋ ገመዱን በጥሰውታል። ስለዚህ በእጄ ሞላሁት። ክንዴ ላይ ያለችውን የሟች ባሌን የጌታቸውን ሰዓት አይቼ። 12:30። ሌሎቹ ወዲያው ተከተሉት። ሁሉም እኩል ሲሆኑ ደስ አለኝ። ጸሐፊ ሆኜ በገባሁበት መ/ቤት፣ በጌታቸው መጻሕፍት ተምሬ፣ ይኸው።

ስወጣ በር ላይ ጥበቃው ጋሽ ረዲ ብቻ ናቸው። ማሽኖቹን አስተኝተሻል ወይ አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው። አስተኝቻለሁ አልኩ። ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 1፡30፣ ቢሮ።

ማንም ሳይገባ ገባሁ። ውጭ ፀሐይ ነው። ዋናው ሰርቨር ግን ሌሊት ነው ይላል።

ገባኝ።

ጌታቸው ሰዓቱን በሀበሻ ነበር የሚሞላው። ፈረንጅ ስድስት ሰዓት እንዲቀድመኝ አልፈቅድም እያለ ይቀልድ ነበር። እኔም አልነካኋትም። የማታውን አሥራ ሁለት ተኩል 18:30 ብዬ መጻፍ ሲገባኝ እንዳየሁት ጻፍኩት። ማሽኑ ቀትር መሰለው። ሁሉንም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቻቸው አደሩ።

ኢንተርኔት ተመልሷል። አስተካከልኩ። ማንም አላየም። ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ይግላል። ሁለቱ ወጣት ኢንጂነሮች ቢሰሙ! ለማንም አልናገርም። ላንተ ብቻ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ማታ።

አዲስ ባትሪ ገባ። ዋናው ሰርቨር አሁን ከአንድ በላይ የውጭ ምንጭ ይጠይቃል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። በእጅ መሙላት ለማንም ተከለከለ። ራሴ ነኝ የከለከልኩት። በስብሰባው ሥ/አስኪያጇ ወ/ሮ ሄለን አመሰገነችኝ። አስካለ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አለች። ተጨበጨበልኝ።

ከስብሰባው ስንወጣ ሰማሁ። ጋሽ ረዲ ታግደዋል። ሰኞ ማታ ገብተው እኩለ ሌሊት ላይ ጥበቃውን ትተው ወጥተዋል ተብለው። የበሩ የጣት አሻራ ማሽን እንዲያ ይላል።

ያ ማሽንም ሰዓት የሚጠይቀው ዋናውን ሰርቨር ነው። መብራት ሳይጠፋ ገቡ፤ የመግቢያቸው ሰዓት ትክክል ነው። ሲነጋ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ወጡ። የእኔ ሰዓት እኩለ ሌሊት አለው። ጣት የሚያስነኩት ጥበቃዎች ብቻ ናቸው፤ በዚያ መካከል ያስነካ ሌላ የለም።

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ታምሩ፣ "ሰው ይዋሻል፣ ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል?" ይላል። አጠገቡ ቆሜአለሁ። ሻይ ይዣለሁ። ሻዩን ጠጣሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16።

ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆሜ ተመለስኩ። መግባት አቃተኝ።

ያንን ሌሊት ታውቀዋለህ፣ ስንቴ ጽፌልሃለሁ። ጌታቸው ደረቱን ይዞ፤ እኔ መኪና ያለውን ጎረቤት መቀስቀስ አፍሬ፤ ይንጋ፣ ይንጋ እያልኩ፤ እሱ ሳይነጋ አለፈ። እፍረት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። አሁንም አፌን የያዘው እሱ ነው። ሰው እንዴት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለቴ ይገባል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ማታ።

ጋሽ ረዲ ዛሬ በር ላይ ጠበቁኝ። ዩኒፎርሙን ተቀብለዋቸዋል። በሸሚዝ ሳያቸው ሌላ ሰው መሰሉኝ።

"እህት ዓለም፣ ጽሕፈትሽ ያምራል። ማመልከቻ ጻፊልኝ።"

ምን ልበል አልኩ።

"ጥፋቴን አምኛለሁ በይ። ወጥቼ ነበር፣ አይደገምም በይ።"

"ወጥተው ነበር እንዴ?" የማውቀውን ጠየቅኩ።

ሳቁ። "ወዴት እወጣለሁ? በዚያ ሰዓት ሚስቴም በር አትከፍትልኝ! ግን ማሽን ነው። እኔ ከማሽን ጋር ምን ብዬ እከራከራለሁ? ካመንክ ይመልሱሃል ብለውኛል።"

እሺ አልኳቸው። እሺ! መርቀውኝ ሄዱ። ጋሽ ረዲ ያላጠፉትን ሊያምኑ፣ እኔ ላሳምርላቸው። ታክሲ ውስጥ እስከ ቡልቡላ ድረስ በመስኮት ነበር የማየው፤ የሰው ፊት ማየት አልቻልኩም።

ወረቀቱ ይኸው ፊቴ ነው። ለአስተዳደር ክፍል ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ እሳቸው ያሉኝን ቃል ጻፍኩ፦ ጥፋቴን አምኛለሁ። ከዚያ የሰኞውን ማታ፣ የጌታቸውን ሰዓት፣ 12:30ን፣ ሁሉንም። ዋናው ሰርቨር የሰዓቱን መዝለል ራሱ መዝግቦታል፤ የት እንደሚታይ ለኢንጂነሮቹ አመለከትኩ። ታች ስሜን ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን።

ነገ ለወ/ሮ ሄለን በእጄ እሰጣታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጋሽ ረዲ በር ላይ ይጠብቁኛል። ማመልከቻዬን አምጪው ይሉኛል። ቆመው ሳሉ አነብላቸዋለሁ፣ ቀና ብዬ፣ ፊታቸውን እያየሁ። ስምዎ የጠፋብዎት በእኔ ነው ብዬ። ከዚያ ቢስቁም ቢቆጡም፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ ወ/ሮ ሄለን እገባለሁ።