በባሮክ ደም እርቅ እንዳትቀበዪ

ለናፈቅሁሽ እናቴ ለወይዘሮ ዝናሽ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እህል መቅመስ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ዲቦራ እየለመነችሽ ነው? ብርዱ በርትቷል አሉን፤ የባሮክን ጋቢ ደርቢው እንጂ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጪው። እኛ በሥጋ ደህና ነን። አባባ እንደ ወትሯቸው በሚጠብቁት ሕንፃ በር ላይ ይውላሉ፤ ሰው ሲያጽናናቸው «ተመስገን» ይላሉ። እኔም ትምህርቴን አላቋረጥኩም። «ተመስገን» ማለት ግን አቅቶኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስንደውል አባባ ከአጠገቤ ስለማይለዩ ነው። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ እትዬ ማሚቴ ባሮክ ይሠራበት በነበረው፣ ሚሽሪፍ ሰፈር ባለው ቤት የምታበስል ናት። ለምና ለምና የተከለከለችውን ፈቃድ አሁን ድንገት ሰጥተው፣ ቲኬት ቆርጠው «አገርሽ ሄደሽ ረፍት አድርጊ» አሏት። ለምን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

እኛ «አንበሳ ነከሰው» ብቻ ነው ያልንሽ። አንበሳዋ ከጫካ አልመጣችም። የቤቱ ጌታ በግልገልነቷ ገዝቶ በግቢው በሰንሰለት ያሳደጋት ናት፤ ሉሉ ይሏታል። እዚህ አገር አውሬ በቤት ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። እሱ ግን ለልጆቹ ልደትና ለእንግዶቹ ፎቶ ያወጣታል። የሚያበላትም የሚያጥባትም ባሮክ ነበር። ያን ቀን ለሥጋ እንድትዘል ብለው አስርበዋት ነበር። ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ባሮክ ጌታውን «ባባ፣ ዛሬ ፊቷ ደስ አይልም፤ ትቆይ» ቢለው በእንግዶቹ ፊት ሳቀበት። «ሳንቲማችሁ ላይ አንበሳ ያላችሁ እናንተ አይደላችሁ? ሐበሻ አንበሳ ይፈራል እንዴ? ወደ እሷ ግባ!» አለው። ሳንቲሙን በኩራት ያሳየው ራሱ ባሮክ ነበር፣ እማዬ። እትዬ ማሚቴ ጭማቂ ይዛ እዚያው ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ልገድል የፈለግሁት ሉሉን ነው። መንግሥት ሳይወስዳት በፊት የባሮክን ልብስ ልውሰድ ብዬ፣ ቢላ በደብተር ቦርሳዬ ይዤ ግቢው ገባሁ። ጥፍሮቿን ነቅለዋቸዋል። ሰንሰለቱ የአንገቷን ሥጋ በልቶ ቁስሏ ይሸታል፤ ባሮክ የቀባት ቅባት ገና አልደረቀም። ቢላዬን ይዤ ተመለስኩ። ቂሜ ግን አልበረደም፤ ባለቤቱን አገኘ።

መርማሪው አባባን «ማንን ትከሳለህ?» ሲላቸው «ከእግዚአብሔር የመጣ ነው፤ ማንንም አልከስም» አሉ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። በዐረብኛ «የቤቱን ጌታ እከሳለሁ፤ ልጄን አልገባም እያለ አስገድዶ አስገባው» አልኩ። አባባ ምን እንዳልኩ ሳያውቁ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። መርማሪው ጻፈ። አልጸጸትም።

አሁን ጌታው ሹፌሩን ጋሽ ፍሥሐን ሽማግሌ አድርጎ ላከብን። አባባ ሽማግሌ ደጅ ማቆም ነውር ነው ብለው አስገቧቸው። እርቁ ምን ይላል መሰለሽ? ባሮክ ማንም ሳያዘው፣ ሊጫወት ብሎ በገዛ ፈቃዱ ገባ እንበል ነው። ያኔ የደሙ ነገር ይዘጋል፤ ሰውዬውም ሌላ ግልገል ይገዛል። አባባ «እናቱ እሺ ካለች» አሉ። ጋሽ ፍሥሐም ደብረ ሲና ያሉት ወንድሞቻቸው በአርባው ማግስት አንቺ ዘንድ እንደሚመጡ ተናገሩ። ልብሽ የሚባባበትን ቀን መርጠው ነው።

«ለፈጣሪ ተወው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ፈጣሪ የራሱን ይፍረድ። እኔ ያ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ሲጠራ ማየት እፈልጋለሁ። ግቢው ኦና ይሁን። የሚዘጋበት በር ይምጣበት፤ ቁልፉንም ሌላ ሰው ይያዘው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አትቆጪ፣ በርም አትዝጊ። አስገቢያቸው። እትዬ ማሚቴን መሐላቸው አስቀምጪና «ያየሽውን ንገሪያቸው» በያት። እዚህ ሳለች ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ይሰርዙብኛል ብላ ፈራች እንጂ «የባሮክን እናት ዓይን እያየሁ አልዋሽም» ብላኛለች። ዲቦራ በስልኳ ትቅረጽና ትላክልኝ፤ ለመርማሪው የማደርሰው እኔ ነኝ። ሰምተው ሲያበቁ እርቅ የሚለምን አንደበት ከተረፋቸው፣ ያን ጊዜ መልስሽን ስጫቸው።

አክስቴን ብርቄን እጇን ሳሚልኝ፤ ለቅሶውን ብቻሽን እንዳትይዢው ስላደረገች እግዜር ይስጣት። ዲቦራ የባሮክን ጫማ ለማንም እንዳትሰጥ። ትንሹን ፀጋአብን ጉንጩን ሳሚልኝ። ወንድምህን አንበሳ ገደለው አትበሉት። ሰው ገደለው በሉት።

ልጅሽ ሄኖክ
ሚርቃብ፣ ኩዌት ሲቲ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.