በር ያልተሳለላት መርከብ

ቤዛዬ፣ የእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይባላል። የመጀመሪያውን ልጠይቅሽ አልችልም፤ ሁለተኛው ደግሞ ውሸት ነው። የሄድሽው ፋሲካ እንዳለፈ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያላንቺ ዘነበ፤ አሁን አደይ ወጥቶ መስቀል ደርሷል። ከቤታችን ፊት ለፊት ተቆፍሮ የነበረው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎለት አልቋል፤ ባጃጁ ሁሉ እየበረረ ያልፍበታል። እናትሽ ግን አንድ ቀን አልረገጠችውም። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ በጓሮ ዞራ ነው። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

የእኔን ሥራ ከጠየቅሽ ያው ታፔላ መጻፍ ነው። ዛሬ ዛሬ ቀልድ አልጨምርበትም። የወልቂጤ ሰው «ዘንድሮ ጨዋ ሆነሃል» ይለኛል። እኔን ጨዋ ካሉኝ ምን ያህል እንደተጎዳሁ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የጻፍኩልሽ ስለ መርከባችን ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ስታስረጂኝ አልገባኝም ነበር። ኳስ የለው፣ ካርታ የለው፣ ስልክ የለው፤ ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱ «እኔ እንትና ነኝ» ይላል፣ አንቺ ታሪኩን ትመሪያለሽ፣ የሚሆነውን ነገር ደግሞ የሉዶ ዳይስ ይወስናል። ጓደኞችሽ ገቡበት፤ ሰሚራ የጠፈር መርከቧ ሐኪም ሆነች፣ ናትናኤል አብራሪ፣ እኔ ሞተሯን የምይዝ ሞተረኛ። ናትናኤል ሳምንቱን ሙሉ ጉብሬ ላይ ባጃጅ ሲነዳ ሰንብቶ እሑድ ደግሞ ከዋክብት መሀል መንዳቱ ያስቀኝ ነበር። ጨረቃ ጋ ቆሞ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ መጣራቱ አይቀርም እያልኩ አበሳጨው ነበር።

የመርከቧን ፕላን እኔ እንድስል የጠየቅሽኝ በታፔላዬ ተማምነሽ ነው። ማን የት እንደቆመ ጠረጴዛው ላይ እንዲታይ ወለል በወለል፣ ክፍል በክፍል፤ አንቺ በእርሳስ፣ እኔ በቀለም። ተንኮሌን አልተውኩም። ውጭ ግድግዳዋ ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ምግብ ቤቷ በር ላይ «ዱቤ ነገ ነው»። አላጠፋሽውም። ጠፈር ላይ ስለማይመሽና ስለማይነጋ የዱቤው ቀን መቼም አይደርስም ብለሽ እኔኑ በራሴ ቀልድ አሳቅሽኝ።

ቀጥሎ ጀፎረ ካልገባ ብዬ አስቸገርኳችሁ። አገና ሳድግ ቤታችን ፊት የነበረውን፣ ሠርጉም ለቅሶውም ሽምግልናውም የሚውልበትን ያን ሰፊ የሣር መንገድ፣ መርከቧ መሀል ዘረጋሁት። ናትናኤል ቦታ በላ ብሎ ተነጫነጨ። አንቺ ግን በእርሳስሽ ሣሩን አንድ በአንድ ሳልሽው።

የተጣላነው በሩ ላይ ነው። አንቺ ከጎን፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ጠባብ ድርብ በር ይሁን አልሽ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት፣ አየር እንዳያመልጥ። እኔ ደግሞ በሩ ፊት ለፊት፣ ጀፎረው ላይ ካልተከፈተ ብዬ ሞገትኩ። እንግዳ በጓዳ በር አይገባም፤ ሰው ሲመጣ ሁሉም እያየው፣ ሁሉም እየተነሳለት ነው የሚመጣው አልኩሽ። ያንተ በር አንዴ ሲከፈት ጀፎረው ላይ ያለው ሰው አየር አጥቶ ያልቃል አልሽኝ። ቢያልቅም እንግዳ ተቀብሎ ይለቅ ብዬ መለስኩ። ሳቅሽና እርሳሱን ወረወርሽብኝ።

ሕመምሽ የጠናው በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ለሕክምና ሊወስዱሽ መኪና ውስጥ ከገባሽ በኋላ በመስኮቱ ጠራሽኝ። «አጎቴ፣ በሩን እንዳትነካው። ስመለስ እንጨርሰዋለን» አልሽኝ።

አልነካሁትም።

የተመለስሽ ቀን የግቢውን የፊት በር ሁለቱንም ክንፍ ከፍቼ ቆሜ ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ከኋላዬ ቆሟል። መንገዱ ግን ተቆፍሯል፤ መኪናው ሊያልፍ አልቻለም። ሹፌሩ ምን ያድርግ፣ በጓሮ ዞረ። እኔ ወደ ፊት እያየሁ ጩኸቱን ከኋላዬ ሰማሁት። ሮጬ ስደርስ አብረውሽ የመጡት በጓዳ በር ሊያስገቡሽ ይታገላሉ። በሩ ጠበበ። ሳጥንሽን ወደ ጎን አዘንብለው፣ በጀሪካኑና በከሰሉ ማዳበሪያ መሀል አሳለፉሽ። የተነሳልሽ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠብቅሽ ነበር። እንግዳ እንኳ በጓዳ አይገባም ያልኩት ሰውዬ፣ የቤቱን ልጅ በጓዳ ስትገባ አየሁ።

ከአርባሽ በኋላ ሰሚራና ናትናኤል መጡ። ጨዋታውን እንቀጥል፣ እሷም ቢሆን ይህን ነው የምትፈልገው፣ አንተ ብቻ ፕላኑን ጨርስልን አሉ። እሺ አልኳቸው። አልጨረስኩትም። ወለል ጨመርኩበት። ለሰሚራ የመድኃኒት ቅጠል የሚበቅልበት ወለል፣ ለናትናኤል የባጃጅ ጋራዥ፣ ከዚያ የእንሰት ጓሮ፣ ከዚያ ቆጮ መፋቂያ። በመጡ ቁጥር መርከቧ አድጋ ትጠብቃቸዋለች። ፕላኑ ካላለቀ ጨዋታው አይቀጥልም፤ ጨዋታው ካልቀጠለ ደግሞ ያላንቺ አልቀጠለም ማለት ነው። ተንኮል መሆኑን ያውቃሉ። አዝነውልኝ አዲሱን ወለል አይተው ይሄዳሉ።

ባለፈው እሑድ ሰሚራ ብቻዋን መጣች። ሥራዋ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ተዛውሮላታል፤ መስቀል እንዳለፈ ትሄዳለች። አሁን ካልተጫወትን የሚሰበስበን ነገር አይኖርም፣ ያንቺም ታሪክ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ይቀራል አለችኝ። ወረቀቶቹን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግታ ተንበርክካ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ መርከብ እኮ በር የላትም።»

ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ብዬ ልቀልድ ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን ማንም እንዳይወጣ ነው የሚል ሆነ። ቀልድ አልነበረም፤ እሷም አልሳቀችም።

«ታዲያ እኛስ በየት እንግባ?» አለችኝ።

ቤዛዬ፣ ይህ ጥያቄ ገደለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እርሳስ አንስቼ አስቀመጥኩ። የፊቱን በር ልስል ስል ያ ባዶ በር ይመጣብኛል፣ ከፍቼው የቆምኩበት። የጎኑን ልስል ስል ያቺ ጓዳ። ታፔላ ሲጽፍ የማይስት እጄ አንድ መስመር ማስመር አቃተው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ፤ የምጸልየው ጠፋኝ። ትመለስልኝ እንዳልል አይሆንም፣ ሌላ የምፈልገው ነገር ደግሞ የለኝም። እናትሽ ብርታ ስትለኝ እሺ እላታለሁ። አልበረታሁም። አጎት ቀድሞ ነው መሄድ ያለበት፤ ተራዬን ወሰድሽብኝ።

ትናንት ሳልኩት።

አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ ነው፤ ከጎን፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ጠባቡን ድርብ በር። ተሸነፍኩልሽ። እዚህ ሆነሽ ብታላግጪብኝ ምን ነበረበት። ግን እንዲሁ አልተውኩትም። ጀፎረውን ከመሀል አጥፌ፣ በሞተር ክፍሌ አሳልፌ፣ እስከ በርሽ ደፍ ድረስ አመጣሁት። ክፍሌን ግማሹን በላው፤ ይብላው። ከእንግዲህ በዚያ በር የሚገባ ሰው ሁሉ እግሩ የሚያርፈው ሣር ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ ሰው ተነስቶ ይቀበለዋል። ሣሩን እንዳንቺ አንድ በአንድ ሳልኩት። እንዳንቺ አላማረልኝም።

በሚመጣው እሑድ ጨዋታውን እንቀጥላለን። ናትናኤል ሞተሩን ማን ይይዛል ብሎ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ። እኔ ከሞተሩ ተነስቼ ደፉ ላይ፣ ጀፎረው ላይ እቆማለሁ። ሰሚራ ቡታጅራ ብትሄድም፣ ጨዋታው ቢፈርስም፣ ያቺ ቦታ የእኔ ናት። ቃሌ ይህ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ። አንቺ እንዳልሆንሽ እያወቅሁም እነሳለሁ።

ሞተረኛው አጎትሽ