የሄልሚ የእንጨት ፈረስ

ሄልሚዬ፣ የኔ ፊንላንዳዊት፣

ዓመትሽ ሊደርስ ነው። ስትለዪኝ በረዶ ነበር፤ አሁንም ሊጥል ዳር ዳር እያለ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና በአማርኛ እጽፍልሻለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ማንም አያጣድፍሽም። እንዴት ነህ ብትይኝ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ደህና አይደለሁም።

ከመጥፎው ወሬ ልጀምር፣ ጥሩ ስለሌለ። ሕንፃችን ሊፈርስ ነው። በከተማው ምክር ቤት ውስጥ ስንት ዓመት የተሟገትሽለት የፍሌሚንግደን ፓርክ ተከራይ በየፊናው ሊበተን ነው። ድምፅ የተሰጠ ዕለት ሄጄ፣ አንቺን እያየሁ እቀመጥባት የነበረችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያንቺን ቦታ የያዘው ሰውዬ ፈገግ ብሎ እንዲፈርስ እጁን አወጣ። በቃ፣ አለቀ። ጎረቤቶች እሷ ብትኖር ይሄ አይሆንም ነበር ይላሉ። እኔ እንጃ። አንቺ ግን ፈገግ አትይም ነበር። እኔም በወሩ መጨረሻ ፓርክዴል ሰፈር አንድ ክፍል ምድር ቤት፣ ቤዝመንት፣ ሙቭ አደርጋለሁ። ካያክሽን፣ ያን ቀጭን ጀልባሽን፣ ለካሁት፤ ከክፍሉ ይረዝማል።

መጀመሪያ አውቶቡሴ ላይ የወጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? መቅዘፊያሽን ይዘሽ ገባሽ፤ ረጅም ነገር ይዞ መሳፈር ክልክል ነው አልኩሽ። መልስ የለ! እንደ ሕፃን ጭንሽ ላይ አስተኝተሽው ከኋላዬ ቁጭ አልሽ። አቤት ድርቅናሽ! የአገርሽ የካያክ ሻምፒዮን እንደነበርሽ እንኳ ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ ነው፣ ያውም ሜዳልያዎችሽን ከካልሲ መሳቢያ ውስጥ አግኝቼ። እኔ ብሆን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር ገበያ የምወጣው።

ለምርጫ ስትወዳደሪም ያው ነበርሽ። በር ታንኳኪያለሽ፣ ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ዝም። ሰው ሰሚ ሲያገኝ የሆዱን ይዘረግፍልሻል። ሙቅ ውሃ የተቋረጠበት፣ ሊፍት የተበላሸበት፣ ሁሉም። የመረጡሽ ዝም ስላልሽ ነው እያልኩ ሳበሽቅሽ፣ አይዞህ ትይኝ ነበር። ለሁሉም ነገር አይዞህ። ከአማርኛ ሁሉ ያቺን ቃል ወደድሻት።

ሆስፒታል ሳለሽ የለመንሽኝ አንድ ነገር ነበር። አባትሽ በእጃቸው የሠሩልሽን፣ ያሸነፍሽበትን ያን የእንጨት ካያክ አንድ ጊዜ ሐይቁ ላይ አውጣልኝ፣ ከዚያ እንደፈለግክ አድርገው አልሽኝ። እሺ አልኩ። ምን ይከብዳል ብዬ።

የለቅሶሽን ቀን ግን አላየሽም። ከመቃብር ተመልሰን እኔ ፈዝዤ ተቀምጫለሁ። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ተፈራ ተነሡና የሄልሚ ፈረስ የታለ አሉ። እሳቸው በተወለዱበት አገር ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሐል ይወጣል። ካያክሽን ከግድግዳ አወረዱት። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ ጎረምሶቹ ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ተሸክመውት ግቢው በረዶ ላይ አሳረፉት። ጋቢ እንደ ኮርቻ አለበሱት፣ ሜዳልያዎችሽንና ቀዩን ጃኬትሽን ደረደሩበት። ጋሼ ተፈራም አንጎራጎሩ፦

ፈረሷ እንጨት ነው፣ ገብስ ሣር የማይበላ፣
ባለቤቱ ስትሄድ ቆሞ ቀረ ኋላ።

ያኔ አገር ምድሩ አለቀሰ። ታች ፎቅ ያሉት እትዬ ዘነበች፣ ልጄ እያሉ ጾም በገባ ቁጥር ሽሮ የሚልኩልሽ፣ ደረታቸውን እየደቁ ካያኩ ላይ ተደፉ። ሌሎቹም በላያቸው። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም። እውነተኛ ፈረስ ቢሆን ይችላቸው ነበር፤ ያንቺ ግን ሆዱ ስስ ነው። ማንን ልቆጣ? ከሚያውቁት ክብር ትልቁን ነው የሰጡሽ። ጠጋኝ ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም። ሁሉም እንጨቱ አርጅቷል፣ ሙጫ አይይዘውም አሉኝ።

ቢሆንም ቃል ቃል ነው። ባለፈው እሑድ በጭነት መኪና ወደ ሐይቁ ወሰድነው። ጋሼ ተፈራም እትዬ ዘነበችም አብረውኝ መጡ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ለቀቅኩት። ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ፣ ሄልሚዬ! ወዲያው ውሃው ከሥር ይገባ ጀመር። አባታችን ሆይ ብዬ፣ የዕለት እንጀራችንን የሚለው ላይ ሳልደርስ ግማሹ ሰመጠ። ጎትተን ስናወጣው እትዬ ዘነበች ስንጥቁን አዩት። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው፣ እኔ ነኝ? ያን ቀን እኔ ነኝ? እያሉ አፈጠጡብኝ። አይደሉም፣ እንጨት በብርድ ይሰነጠቃል፣ አይዞዎት አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ካያኩ አሁን ሕንፃው ጀርባ፣ ሰዎች ጥለውት ከሚሄዱት ሶፋና ፍራሽ ጋር ነው። ማክሰኞ የቆሻሻ መኪናው ይወስደዋል። ቤዝመንቱ መቅዘፊያሽን ብቻ ይችላል፣ እሱንም አጋድሜው።

ውሃ ሳይገባው በፊት፣ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ፣ ውስጡ ጀርባሽን ያየሁ መሰለኝ። ያን ያየሁትን ይዤልሽ እቆያለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፣ ይህን ቃል አልሰብርም። ከእኔ በኋላ ግን ልጅ የለን፣ ጎረቤቱ ሊበተን፣ ሕንፃውም ሊፈርስ ነው። ማን እንደሚያስታውስሽ አላውቅም።

ያንቺው ሹፌር፣
መኮንን