የአቶ ገብሬ አበጋዝ ሕይወትና የቧንቧ ውሃው ቁልቁለት

አቶ ገብሬ አበጋዝ ከአባታቸው ከአቶ አበጋዝ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙዬ ካሳ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. በደጋን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአውራ ጎዳና ጥገና ሠራተኛ ስለነበሩ ያደጉት ጠጠር ክምር ላይ ነው። እናታችን፣ ገብሬ አፍ ሳይፈቱ ድንጋይ መደርደር ጀመሩ ይሉ ነበር። እናታችን ማጋነን ይወዱ ነበር፤ ይህችን ግን እኔ ታናሽ ወንድማቸው እንድርያስ አምናለሁ። እስከ መጨረሻው ከመናገር መደርደር ይቀናቸው ነበርና።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደጋን ጀምረው ኮምቦልቻ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፉ እኛን ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ደብተራቸውን አስቀምጠው ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ዘንድ ሥራ ገቡ። በ1969 ዓ.ም. ጌታ ኢየሱስን የግል አዳኛቸው አድርገው ተቀበሉ። ኋላ ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። የእሳቸው ድምፅ ግን ዝቅ ማለት ስለማይሆንለት ከንፈራቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ይታዘዙ ነበር። ይህን ሲያስታውሱ ይስቁ ነበር፤ በኋለኛው ዘመናቸው መሳቃቸውን ያላየ ሰው ይህን ይወቅልኝ።

በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካዲስ መኮንን ጋር በጋብቻ ተሳስረው አሮንንና አቢጌልን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ወደ ደሴ መጥተው በቧንቧ ውሃ ሠፈር ይህን ዛሬ የተሰበሰብንበትን ቤት ሠሩ። ፒያሳ ላይ የእጃቸው ሥራ የሆነ ግንብ ብዙ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ለረጅም ዓመታት አገለገሉ፤ የተጣላ ባልና ሚስት ከእሳቸው ዘንድ ሳይታረቅ አይመለስም ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የሠፈሩ ሰው አዋጥቶ ከደጃቸው እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ቁልቁለት ኮብልስቶን ሲያለብስ ሥራውን የመሩት እሳቸው ነበሩ። ከላይ የእሳቸው ቤት፣ ከታች የአቶ ሀፊዝና የወይዘሮ ኡሙሰልማ ቤት ነው። ሁለቱ ቤቶች እሳትና ወንፊት ይዋዋሱ ነበር። አቶ ገብሬ ያንን መንገድ እንደ ልጅ ነው የሚያዩት። በክረምት ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት ሲበቅል ደስ ይላቸው ነበር፤ ያስተማሯቸው ግንበኛ “ሽበት ያወጣ ድንጋይ ቤቱን አግኝቷል” ይሏቸው ስለነበር፣ ድንጋዩ ተደላድሎ ለመቀመጡ ምልክት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሽበቱ በረታ። በደጃቸው ያለው ጽድ ፀሐይ ስለሚከለክል እዚያ ጋ ይብሳል። ጎረቤቶች በአካፋ እንፈቅፍቀው ሲሉ፣ አካፋው በድንጋዮቹ መሐል ያለውን አሸዋ አውጥቶ ንጣፉን ይነቅልብኛል ብለው ከለከሉ። ወይዘሮ ሰርካዲስም ነግረዋቸዋል። እሳቸው ግን እየተጠነቀቁ መሄድ ነው እንጂ አሉ። በነሐሴ ወር ወይዘሮ ሰርካዲስ ጉንፋን ጥሏቸው ሳለ ወይዘሮ ኡሙሰልማ በፔርሙዝ አብሽ ይዘው ሊጠይቋቸው ወጡ፤ ጽዱ ሥር ሲደርሱ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሞች የቻሉትን አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ግን ወይዘሮ ኡሙሰልማ በእግራቸው አልሄዱም።

አቶ ገብሬ በማግስቱ ዝናብ እየመታቸው ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች ፈቀፈቁት። ጽዱንም ቆረጡ። ከዚያ የሁለቱንም እምነት ሽማግሌዎች ይዘው ወርደው፣ በአገራችን ወግ አፉታ ለመኑ፤ ይቅር በሉኝ አሉ። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ካልጋቸው ላይ ሆነው፣ “አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበለው” አሉ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። ለወንድሜ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ። ከአሮጌ አካፋ ቆርጠው በሠሩት መፋቂያ ሽበቱን ይልጣሉ፤ ፍል ውሃ ያፈሳሉ፤ በሽቦ ብሩሽ ያሻሉ፤ በመጨረሻም የወጣውን አሸዋ በየመሐሉ መልሰው ይሞላሉ። ያን ጊዜ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ንጣፉም አይነቀልም፣ ሰውም አይወድቅም ነበር። ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በዚያው ዓመት ከሽማግሌነት ለቀቁ። ሲለመኑ፣ እኔ ያልቻልኩትን ይቅርታ ለሰው እንዴት አስተምራለሁ አሉ። እኔ በዚህ ተናድጄባቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ንዴቴ ዛሬም አልወጣልኝም።

የወይዘሮ ኡሙሰልማ አልጋ ያለው በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው። አንድ ቀን ልጃቸውን ተውፊቅን ልከው እንዲያቆሙ አስለመኑ። ለእሱ ብዬ አይደለም፣ መፋቂያው ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር እንደገና ስለምወድቅ ነው አሉ። አቶ ገብሬ ይህን ሰምተው መፋቂያውን አስቀመጡ። ነገር ግን ሥራውን አልተዉም፤ ድምፅ እንዳይሰማ ተንበርክከው በጆንያ ቁራጭና በአሸዋ ማሸት ጀመሩ። አፉታውን ከመቀበል ጉልበታቸውን መጨረስ ቀለላቸው።

በ2016 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን እንደጎዳው በሐኪም ተነገራቸው። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ከአልጋ አልተነሱም። ሽበቱ ተመልሶ ሲመጣ ተውፊቅ እናቱን አስፈቅዶ መፋቂያውን ከወይዘሮ ሰርካዲስ ተቀብሎ ሥራውን ያዘ። አቶ ገብሬ ያንን ድምፅ ተኝተው ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነበር። ብረቱ ድንጋዩን ሲፍቅ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። “ይህንን ነው ስትሰማ የኖረችው?” ብለው ጠየቁንና አለቀሱ።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ ይህ ሲነገራቸው፣ በወንበር አድርጋችሁ አውጡኝ አሉ። ከወደቁ ወዲህ ያልወጡትን ቁልቁለት ልጆቻቸው ተሸክመው አወጧቸው። ካልጋው አጠገብ ተቀምጠው አፉታቸውን ደገሙላቸው። ወንድሜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ “አይገባኝም” አሉ።

“ሰጪዋ እኔ” አሉ ወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ “ይገባል አይገባም ባዩ አንተ የሆንከው ከመቼ ወዲህ ነው?”

ወንድሜ ፊታቸውን ከግድግዳው አልመለሱም። ወይዘሮ ኡሙሰልማም አልተቆጡም፤ ከወይዘሮ ሰርካዲስ ጋር ሻይ ጠጥተው፣ እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጠው ተነሱ። አቶ ገብሬ ያን ጊዜ ብቻ ዞር ብለው፣ ወንበሩን የያዙትን ልጆች ሲወርዱ ቀስ እንዲሉ አሳሰቡ።

አቶ ገብሬ አበጋዝ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። በሰላም አረፉ ብሎ መጻፍ ልማድ ነው። አፉታውን ተቀብለው ይሁን ሳይቀበሉ የሄዱት እኔ አላውቅም፤ የማላውቀውንም አልጽፍም። የማውቀው የሄዱበት ጌታ ከእኛ ይልቅ ታጋሽ መሆኑን ነው።

አቶ ገብሬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርካዲስን፣ ልጆቻቸውን አሮንንና አቢጌልን፣ የልጅ ልጃቸውን ሊድያን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ኡሙሰልማንና ቤተሰባቸውን በሐዘን ትተው ሄደዋል። የወይዘሮ ኡሙሰልማ ስም እዚህ እንዲገባ የጠየቁት ወይዘሮ ሰርካዲስ ናቸው። ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ በዚህ ምድር ለራሳቸው የነፈጉትን ዕረፍት እሱ አይንፈጋቸው። ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

ሣጥኑን ለምትሸከሙ ወንድሞች። መኪናው እዚህ ድረስ ስለማይገባ እስከ ዋናው መንገድ በትከሻ ነው የምንወርደው። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ቁልቁለቱን ግን ተውፊቅና የሠፈሩ ልጆች ዛሬ ጠዋት ከላይ እስከ ታች ፈቅፍቀው አሸዋ አልብሰውታል፤ አያዳልጥም። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ወንበራቸውን ደጅ አስወጥተው እየጠበቁ ነው። በራፋቸው ስትደርሱ ሣጥኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጥቂት እንድትቆሙ ለምነዋል፤ ቤተሰቡም ፈቅዷል። አፉታቸውን አንድ ጊዜ ሊደግሙላቸው ነው። “ዛሬ እንኳ ፊቱን አያዞርብኝም” ብለዋል።