ከተከለለው ባሕር አንድ ዓሣ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰሚሳ፣ ሱቫ።

እንደምን ከርመሃል? ሥራውስ፣ ከተማውስ? እኛ በደሴታችን በካንዳቩ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አያታችን በሞቱ ጊዜ፣ በሹም ሞት እንደ ወጉ ማንም እንዳያጠምድበት በእንጨት ከልለን የዘጋነው ባሕር በዓሣ ተሞልቷል። አንተ ተምረህ መጥተህ «ሐዘኑ ቢወጣም እንደተዘጋ ይቆይ» ስትል ያጉረመረሙብህ ሁሉ፣ ዛሬ ከክልሉ ውጭ ትልልቅ ዓሣ እያጠመዱ ይመርቁሃል።

እኔም በመሥሪያ ቤትህ ያስቀጠርከኝን የባሕር ጥበቃ ሥራ አጥብቄ ይዣለሁ። በቀደም አባባ «ሊቲያ፣ ከዚያ ከተዘጋው አንድ ሰማያዊ ዓሣ በኮኮናት ወተት ብትሠሪልኝ» አሉኝ። «ሹሙ ራሳቸው ሕግ ካፈረሱ ሌላው ምን ሊል ነው?» ብዬ ቀለድኩባቸው። «ጉድ ፈላ! የገዛ ልጄ ልታስረኝ ነው» ብለው ሳቁ። የቆርቆሮ ዓሣ አቀረብኩላቸው፤ ሁለት ጎርሰው ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልጠየቁኝም። ትናንት እኔው ራሴ ከተዘጋው ባሕር ገብቼ ሰማያዊውን ዓሣ ወጋሁና ሠራሁላቸው። ሽታውን ስበው «እጅሽ ይባረክ፣ ለልጆቹ ስጪያቸው» አሉኝ። ይህን ለመሥሪያ ቤትህ ብትናገርብኝም አልቀየምህም።

የዓመት ፈቃድህን ግን ለገና ከምታቆየው አሁን ብትወስደው ይሻላል። ማዕበል የለም፤ ጀልባም አይቸግርህም።

ሌላ ወሬ እንኳን የለም። ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በምሥራቅ በኩል ያለውን ባሕር የሚከልሉበት እንጨት ሲቆርጡ አገኘኋቸው። የባሕሩ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።

በናፍቆት የምትጠብቅህ እህትህ፣
ሊቲያ