በርበሬ የነካው መነጽር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የሽሮ አተር ስለቅም ዋልኩ። ማታ ልጄ ኤቢሴ ከሥራ ገባች። በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ «እማ! ለትምህርቱ ተቀበሉኝ!»

ዛንዚባር። ባሕር ውስጥ ጠልቆ ሰው የማዳን ትምህርት። ቅዳሜ፣ በአውሮፕላን! እልል አልኩ… ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ሰበታ ውስጥ ልጇ ጠላቂ የሆነች እናት ከእኔ ሌላ ትኖር ይሆን?

ብቻዬን ስሆን ሊቤ በሐሳቤ መጣብኝ። ታላቅ ወንድሟ። ጥጃውን አጠጣ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። የድንጋይ ማውጫውን ጉድጓድ ክረምቱ ሞልቶት… ዙሪያውን ሰው ቆሞ ነበር፤ ዋና የሚችል ግን ጠፋ፤ ልጄ እዚያው ቀረ። አባቱ ደቻሳ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር።

አሁን ይቺንም ወደ ውሃ ልላካት?

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዕቃዋን ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ ጫማ። በአየር የሚነፋ ሰደርያ። በጥርስ የሚያዝ መተንፈሻ ከነቱቦው። የጠላቂ መነጽር፣ አሮጌና አዲስ፤ ቢላዋና የእጅ መብራትም። እንደ አራስ ልብስ አጣጠፍኩላት… እጄ ራሱ ደስ አለው።

ለእሷ ሳልነግር የሻንጣውን ሕግ ከስልክ ላይ አንብቤ ነበር። በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የለየሁ ሰው፣ ዛሬ የአውሮፕላን ሕግ አነባለሁ!

«ቢላዋው በእጅ አይያዝም፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቺው። የመብራቱን ባትሪ ግን አውጪና በእጅሽ ያዢ» አልኳት።

«እማ! ማን ነገረሽ?»

ኮራሁ።

መተንፈሻውን በፎጣ ጠቅልላ በእጅ ቦርሳዋ ያዘች። «ይሄ ከተጋጨ ትንፋሼ ተጋጨ ማለት ነው።» የአየር ሲሊንደሩና ወገብ ላይ የሚታጠቀው ብረት እዚያው ይከራያል አለች።

«ብረት ደግሞ ለምን?»

«ካልከበድኩ አልወርድማ። ሰውነት መንሳፈፍ ነው የሚወደው። ውሃው መልሶ ያወጣኛል።»

ውሃ መልሶ ያወጣል? እኔ የማውቀው ውሃ…

ዓርብ፣ የካቲት 6

ጠዋት ቡራዩ ሄደች፣ አክስቷን ልትሰናበት። ሰኞ ጾም ይገባል፤ በዚያ አገር ማን ሽሮ ይሰጣታል? ሽሮ፣ በሶ፣ በርበሬ ቋጠርኩላት። ቦታ ጠፋ። በርበሬውን የአዲሱ መነጽሯ ማስቀመጫ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ከሰዓት ሻንጣውን ልናስመዝን ኦቦ ፈቀደ እህል ቤት ወሰድነው። ከሃያ ሦስት ኪሎ አለፈ። ኤቢሴ እዚያው ጤፉ መሀል ከፈተችው። የበርበሬው ፌስታል ተቀዷል። መነጽሩ ቀልቷል።

«እማ! ይሄን ዓይኔ ላይ አድርጌ ነው ባሕር የምገባው?»

ኦቦ ፈቀደ በሳቅ ፈረሱ። «አዴ አትክልት፣ ዓሣው ሳይያዝ በርበሬውን አስቀደሙት እኮ!» አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንድቀርልሽ ፈልገሽ ነው?»

አይደለም አልኩ። አይደለም?… እንጃ።

ሽሮውንም በሶውንም በገዛ እጄ አወጣሁ። ሚዛኑ ልክ መጣ። «ሂጂ» አልኳት። ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት።

አሮጌ መነጽሯን ያዘች። አዲሱ እኔ ጋ ቀረ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ቦሌ፣ በሩ ድረስ ሸኘኋት።

«ውረጂ፣ ልጄ። ግን ውጪ።»

«እወጣለሁ፣ እማ።»

ከውስጥ ደወለች። ፈታሿ መተንፈሻውን አንስታ፣ «ይሄ ለአስም ነው?» አለችኝ ብላ ትስቃለች። ሁሉም አለፈ። ሁሉም!

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ደወለች። ወርዳ ወጥታለች! ቃላቱ አፏ ላይ ይጋፋሉ… «እማ፣ ታች እኮ ብርሃን አለ! ፀሐይ እስከ ታች ትወርዳለች።»

ስንት ዓመት ሊቤን ጨለማ ውስጥ አድርጌ ሳስበው ኖርኩ።

ትልቁን ሳፋ ጓሮ አውጥቼ ሞላሁት። መነጽሩን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ፣ አጠለቅሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? ይበል። ፊቴን ከተትኩ። ዓይኔን አቃጠለኝ፤ በርበሬው ጨርሶ አልለቀቀም። አልጨፈንኩም።

ሳፋው ታች ፀሐይ ትንቀጠቀጣለች።

ትንፋሼ እስኪያልቅ አየኋት። ወጣሁ። ደግሞ ገባሁ።